ለቪትዝ 165 ጎማ ይሻላል 185?

ሰላም ወገኖች፣ ስለ መኪና የምታውቁ እባካችሁ ምከሩኝ፤ እስከ ቅዳሜ መወሰን አለብኝ።

የምነዳው 1000 ሲሲ ቶዮታ ቪትዝ ነው፤ ከአራት ኪሎ ሜክሲኮ ለሥራ እመላለስበታለሁ። ጎማዎቹ አልቀዋል። በሩ ላይ የተለጠፈው 165/70 አር 14 ይላል (ስፋቱ 165 ሚሊ ሜትር፣ የጎኑ ቁመት የስፋቱ 70 በመቶ፣ የቸርኬው ዲያሜትር 14 ኢንች ማለት ነው)። ጎሚስታው ግን «ይሄ ቀጭን ነው፣ 185/65 እሰርበት፣ መሬት ይቆነጥጥልሃል» አለኝ።

ሐሳቤን የከፈለው ክረምቱ ነው። ባለፈው ሐምሌ በቸርችል ጎዳና ወደ ለገሃር ቁልቁል ስወርድ ፍሬን ያዝኩ፣ መኪናዋ ግን በዝናቡ ተንሸራተተች፤ ከፊቴ የነበረውን ሚኒባስ ለጥቂት ነው የሳትኩት። ልጄ ከኋላ ተቀምጣ ነበር። እስካሁን ያቺን ቁልቁለት ስደርስ እጄ ይጠነክራል። ስለዚህ ሰፊው አጓጓኝ። ነገር ግን ውሃ በተኛበት አስፋልት ላይ ሰፊ ጎማ ቶሎ እንደሚንሳፈፍ፣ ጠባቡ ውሃውን ሰንጥቆ እንደሚያልፍ አውቃለሁ። ያንሸራተተኝ የጎማው ጥርስ ማለቅ እንጂ ጠባብነቱ ላይሆን ይችላል።

ሒሳቡን ሠርቼዋለሁ፦ የ165ቱ ቁመት 587 ሚሊ ሜትር ግድም፣ የ185ቱ 596 ነው። ልዩነቱ 1.6 በመቶ ስለሆነ የፍጥነት ቆጣሪው ብዙ አይዛባም። የሚያሰጋኝ መሪው እስከ መጨረሻ ሲዞር ጎማው ፓራፋንጎውን እንዳይነካ፣ ቤንዚንም እንዳይጨምርብኝ ነው። የቸርኬው ወርድ 5 ኢንች ነው።

185 አስራችሁ አንድ ክረምት የነዳችሁ፣ ፍሬን አያያዙ በእርግጥ ተሻሻለ? ወይስ መሃል ላይ ያለው 175/65 ይበቃኛል?