በረኪናና የሽንት ቤት አሲድ ቢቀላቀሉ ይበልጥ ያጸዳሉ?

ሰናይት፦ የመታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ የያዘው ቢጫ ነገር በበረኪና ብቻ አልለቅ አለኝ። ጎረቤቴ «አሲዱን ጨምሪበት፣ ያኔ ታያለሽ» አለችኝ። እውነት ነው?

የውሃ ማጣሪያው ሰው፦ እህቴ፣ እንዳትሞክሪው! ሥራዬ የመጠጥ ውሃ በክሎሪን ማከም ነው፤ ጋዙን አውቀዋለሁ። በረኪና ውስጥ ያለው ሶዲየም ሃይፖክሎራይት አሲድ ሲነካው ክሎሪን ጋዝ ይለቃል። ጋዙ ከአየር 2.5 እጥፍ ያህል ስለሚከብድ ወደ ላይ አይበንም፣ ወለሉ ላይ ይተኛል። አጎንብሶ የሚፈትግ ሰው ደግሞ አፍንጫው እዚያው ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ በፈረንጆቹ 1915 ጀርመኖች ቤልጅየም ውስጥ ኢፕር ላይ የለቀቁት ይኸው ጋዝ ነው፤ ክብደቱ ምሽግ ውስጥ ድረስ አስገባው። ዓይንና ሳንባ ውስጥ ካለው እርጥበት ጋር ሲገናኝ አሲድ ይሆናል።

ኮምጣጤም ያው አሲድ ነው። አሞኒያ ያለበት ማጽጃም ከበረኪና ጋር ክሎራሚን የሚባል ሌላ መርዘኛ ጋዝ ይፈጥራል። እኛ ሥራ ቦታ የክሎሪን ጋዝ ሲሊንደሩ ያፈሳል ብለን ስንጠረጥር የአሞኒያ እንፋሎት እናስጠጋለን፤ ነጭ ጭስ ከታየ ያፈሳል ማለት ነው።

ቢጫው የውሃ ማዕድን ከሆነ በረኪና አያሟሟውም። በረኪናውን በደንብ አጥበሽ አስወግጂ፤ ሌላ ቀን መስኮት ከፍተሽ አሲዱን ብቻውን ተጠቀሚ።

ዮኒ፦ ታዲያ ይህን መርዝ ነው በየቀኑ የምታጠጡን? 😅

የውሃ ማጣሪያው ሰው፦ ዮኒ፣ ወሳኙ መጠኑ ነው። ቧንቧህ ጋ ሲደርስ በሊትር ከ0.2 እስከ 0.5 ሚሊግራም ቀሪ ክሎሪን ቢኖር ደስ ይለናል። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ጣሪያ 5 ሚሊግራም ነው። ያቺ ቀሪ ባትኖር ውሃው መንገድ ላይ ቢበከል የሚከላከልለት የለም፤ ኮሌራ ቀልድ አያውቅም። ሽታው ካስጠላህ ማሰሮ ውስጥ ቀድተህ ፍሪጅ ውስጥ አቆየው፣ ይቀንሳል። ለነገሩ የመዋኛ ገንዳ ሲሸት ሁሉም «ክሎሪን በዛ» ይላል። አብዛኛውን ጊዜ ግን የሚሸተው ክሎሪኑ ከላብና ከሽንት ጋር ሲዋሃድ የሚፈጠረው ነገር ነው። ማን እንደሸናበት አልጠይቅም።

ሰናይት፦ እሺ፣ ተውኩት። ግን አንድ ሰው ሳያውቅ ቢቀላቅልስ?

የውሃ ማጣሪያው ሰው፦ ለማጽዳት አይቆይ፣ ወዲያው ይውጣ። በሩን ከኋላው ዘግቶ ወደ ንጹህ አየር ይሂድ። ዓይኑን ካቃጠለው በብዙ ውሃ ይታጠብ፤ የተነካ ልብስ ይውለቅ። ሳሉ ካልተወው ወይም ትንፋሽ ካጠረው ሐኪም ጋ ይሂድ። «አሁን ተሽሎኛል» ብሎ አይዘናጋ፤ ሳንባ ውሃ የሚቋጥረው ከሰዓታት በኋላም ሊሆን ይችላል።