ክርክር፦ ሳንታና ከ«ስሙዝ» ወዲህ ጊታሩን ሸጠው ወይስ አዳነው?

አወያይ፦
ባለፈው ሳምንት አንድ ልጅ ሮብ ቶማስ የሚዘፍንበትን የሳንታና ዘፈን «ስሙዝ»ን እዚህ ሲለጥፍ ግሩፑ ለሁለት ተከፈለ። ዛሬ በወጉ እንከራከርበት። ጊታሪስቱ ካርሎስ ሳንታና እ.ኤ.አ. በ1999 «ስሙዝ» ያለበትን «ሱፐርናቹራል» አልበም ካወጣ ወዲህ ከፖፕ ዘፋኞች ጋር መሥራቱ አሳደገው ወይስ አሳነሰው? አልበሙን ለማታውቁት፦ ሮብ ቶማስ፣ ሎሪን ሂል፣ ዋይክሌፍ ዣን፣ ኤቨርላስት፣ ዴቭ ማቲውስ፣ የሜክሲኮዎቹ ማናዎች፣ ኤሪክ ክላፕተንም ሳይቀር አሉበት። ስድብ ክልክል ነው። «ጆሮ የለህም» ማለትም ስድብ ነው።

የሸክላ ወዳጅ፦
እኔ ልጀምር። የ1970ው «አብራክሳስ» ሸክላው ቤቴ አለ፣ ዳርና ዳሩ በልቷል፣ አሁንም ይሠራል። እዚያ ላይ «ሳምባ ፓ ቲ»ን ስሙት። ግጥም የለውም፤ የሚዘፍነው ጊታሩ ነው። አንዷን ኖታ ይይዝና እስክትሰለቹ ሳይሆን እስክትጨነቁ ድረስ አይለቃትም።

ከዚያ «ስሙዝ»ን ክፈቱና ጊታሩን ፈልጉት። ዘፋኙ ስንኝ ጨርሶ ትንፋሽ ሲወስድ ብቅ ይላል፣ ዘፋኙ ሲመለስ ይጠፋል። ወሬ ለሚያወራ ሰው «እሺ፣ ከዚያስ?» እንደሚል አድማጭ። ስሙ ሽፋኑ ላይ በትልቁ ተጽፏል፣ ሰውዬው ግን በገዛ ቤቱ እንግዳ ሆኗል።

ዲሲ ታክሲ፦
ጋሼ፣ አክብሮቴ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ያ እንግዳ የምትሉት ሰውዬ በ52 ዓመቱ አሜሪካን አንቀጥቅጧል። «ስሙዝ» 12 ሳምንት አንደኛ፣ ከዚያው አልበም «ማሪያ ማሪያ» 10 ሳምንት አንደኛ። በ2000 አልበሙ 9 የግራሚ ሽልማት ሲወስድ 8ቱ የራሱ ናቸው፤ በአንድ ምሽት ያን ያህል የወሰደ ከእሱ በፊት ማይክል ጃክሰን ብቻ ነበር። ከዚያ በፊት በ30 ዓመት ሥራ ስንት ግራሚ ነበረው? አንድ! እሱም «ብሉዝ ፎር ሳልቫዶር» ላይ።

ከ1992ቱ «ሚላግሮ» በኋላ ደግሞ ሰባት ዓመት ሙሉ በባንዱ ስም አዲስ የስቱዲዮ አልበም አልነበረውም። ተረስቶ ይቅር ነበር? የእኔ ልጅ ሳንታናን ያወቀው በ«ማሪያ ማሪያ» ነው፤ በዚያው ወደ ኋላ ሄዶ ሳንታና የተጫወተበትን የ1969ኙን የዉድስቶክ ፌስቲቫል ፈልጎ አየ። እኔ አይደለሁም ያሳየሁት፣ እሱ ነው ለእኔ ያሳየኝ።

ባለ ጊታሩ፦
እኔ ማታ ማታ ባንድ ውስጥ ስለምጫወት ከእጄ ልናገር። የ«ስሙዝ» ኮርድ ኤ ማይነር፣ ኤፍ፣ ኢ ሰቨን ነው። ጀማሪ በግማሽ ሰዓት ይይዘዋል። ያቺ ጋሼ የናቋት ክፍተት ግን ጉድ ናት። የእኛ ዘፋኝ ስንኙን ሳይጨርስ ዘው ብዬ ገብቼ ስንቴ እንደተገላመጥኩ እኔ ነኝ የማውቀው። አጭር ገብቶ፣ በሦስት ኖታ «ሳንታና ነኝ» ብሎ፣ ለሰው ቦታ ለቆ መውጣት የደካማ ሥራ አይደለም። ደግሞ መጨረሻው ላይ ሲለቁት መች ዝም አለ?

ሌላው «የራሱ ሥራ» የምትሉት ነገር። «ኦዬ ኮሞ ቫ» የቲቶ ፑዌንቴ ነው። «ብላክ ማጂክ ዉማን» የፒተር ግሪን ነው። ሰውዬው ገና ከጅምሩ በሰው ዘፈን ነው የነገሠው።

የሸክላ ወዳጅ፦
ዘፈን መዋስና ቤት ማከራየት ምን አገናኛቸው? «ኦዬ ኮሞ ቫ»ን ሲወስድ የባንዱ ግሬግ ሮሊ ኦርጋኑን ጫነበት፣ ኮንጋው ገባ፣ ጊታሩ ከላይ ሆነ፤ በመጨረሻ ሰው ሁሉ የሳንታና ዘፈን መሰለው። «ስሙዝ»ን ግን ኢታል ሹርና ሮብ ቶማስ ጻፉለት፣ ሮብ ቶማስ ዘፈነው፣ እሱ ተጠርቶ ቀለም ቀባበት።

ያ ሁሉ የማን ሐሳብ ነበር? የክላይቭ ዴቪስ። ዴቪስ ማን ነው? በ1972 የሳንታና «ካራቫንሰራይ» አልበም ሲወጣ የሙዚቃ አሳታሚው የኮሎምቢያ ሬከርድስ ሐላፊ ነበር፤ ሳንታና ራሱ እንደሚያወራው፣ ይሄ የሙያ ራስን መግደል ነው ብሎታል። ነጠላ ዜማ ስለሌለበት! ያኔ እምቢ ያለውን ሰውዬ በ1999 አሪስታ በሚባል ሌላ አሳታሚ ቤት እሺ አለው።

የማታ ተረኛ፦
ነርስ ነኝ፣ ዕረፍት ላይ ሆኜ ነው የምጽፈው፤ ፊደል ብስት ይቅርታ።

ከሰው ጋር መሥራት በ1999 የጀመረ አታስመስሉት። በ1973 ከጃዝ ጊታሪስቱ ጆን ማክላፍሊን ጋር «ላቭ ዲቮሽን ሰረንደር»ን ሠራ። በ1974 ከጃዝ ሙዚቀኛዋ አሊስ ኮልትሬን ጋር «ኢሉሚኔሽንስ»ን፤ በገናና ቫዮሊኖች ያሉበት፣ አንድም ሬዲዮ የማይደፍረው። በ1980 ኸርቢ ሃንኮክ፣ ዌይን ሾርተር፣ ሮን ካርተር፣ ቶኒ ዊሊያምስ አብረውት ቀዱ፤ የጃዙ ንጉሥ የማይልስ ዴቪስ ሰዎች ናቸው እነዚህ። በ1988 ከሾርተር ጋር ዞረ፣ በ1989 የብሉዝ ዘፋኙ የጆን ሊ ሁከር «ዘ ሂለር» ላይ ገባ።

ልዩነቱ የቱ ጋ ነው ካላችሁ፣ ያኔ የሚሄደው ከእሱ ወደሚበልጡት ነበር። ማክላፍሊን አጠገብ ስትሰሙት ይፈራል፤ ፍርሃቱ ጊታሩ ላይ ይሰማል፣ ደስ የሚለውም እሱ ነው። ከ1999 በኋላ ሰዎቹ ናቸው ወደ እሱ የሚመጡት፣ ያቺን የታወቀች ድምፅ ፈልገው። ድምፁን ይሰጣቸዋል፣ ከእነሱ ግን ምንም አይወስድም። እኔን የሚያናድደኝ ፖፑ አይደለም። መማር ማቆሙ ነው።

ዲሲ ታክሲ፦
እህቴ፣ ከሎሪን ሂል ምንም አልወሰደም?

የማታ ተረኛ፦
እሺ፣ ከሎሪን ይሁን። ከማናም። «ኮራሶን ኤስፒናዶ» ላይ በእናት ቋንቋው ስለሆነ መሰለኝ ዘና ብሏል፤ ከአልበሙ የምወደው እሱን ነው። ግን ያው ምጣድ ስንት ጊዜ? በ2002 «ሻማን»፣ ሚሼል ብራንችና ቻድ ክሮገር። በ2005 «ኦል ዛት አይ አም»፣ ስቲቨን ታይለርና ሜሪ ጄ. ብላይጅ። በ2010 «ጊታር ሄቨን»፣ የሰው የሮክ ዘፈን በሙሉ እየተለቀመ።

ዲሲ ታክሲ፦
«ጊታር ሄቨን»ን አልከላከልም። እሱን ውሰዱት።

ባለ ጊታሩ፦
😂 እኔም እጄን አወጣሁ።

ግን እህታችን ያለችው «ማን ወደ ማን ሄደ» የሚለው ይመቸኛል። ከእኛ ጌታቸው መኩሪያን አስቡት። ከሆላንዶቹ ዘ ኤክስ ጋር ሲሠራ የጠየቃቸው እሱ ነው። ፓንክ ባንድ ናቸው፣ ጊታራቸው እንደ ቆርቆሮ ይጮሃል። በ2006ቱ «ሞአ አንበሳ» ላይ ግን የሚጫወቱት የእሱን ሽለላ ነው፤ ሳክስፎኑ ፊት፣ እነሱ ከኋላ። ሽማግሌ ከወጣት ጋር ሠራ ማለት ብቻውን ምንም አይነግርህም። በማን ዘፈን ነው? እሱን ነው የምጠይቀው።

የሸክላ ወዳጅ፦
እኔስ ምን አልኩ ታዲያ? ከመጀመሪያው የምለው እኮ ይሄንኑ ነው።

ባለ ጊታሩ፦
ጋሼ፣ እርስዎ በ1999 ዘግተው ወጡ። ከዚያ ወዲህ ያለውን አልሰሙትም። በ2016 የድሮ የባንዱን ሰዎች፣ እነ ግሬግ ሮሊን፣ ኒል ሾንን፣ ማይክል ሽሪቭን መልሶ ሰበሰበ። ሮሊና ሾን ትተውት ወጥተው በ1973 ጆርኒ የሚባለውን የሮክ ባንድ የመሠረቱት ናቸው። አብረው የሠሩት አልበም «ሳንታና 4» ያው የድሮው ቤት፣ ያው ኦርጋን።

ከሱ የሚበልጥብኝ ግን የ2019ኙ «አፍሪካ ስፒክስ» አልበም ነው። ፕሮዲውሰሩ ሪክ ሩቢን፣ ስቱዲዮው ማሊቡ፤ በ10 ቀን 49 ዘፈን ቀዱ። ዘፋኟ ቡይካ ናት፣ ወላጆቿ ከኢኳቶሪያል ጊኒ፣ እሷ ማዮርካ የተወለደች። ድራሙ ላይ ሚስቱ ሲንዲ ብላክማን። ቡይካ ሻካራ ድምፅ አላት፣ ጊታሩን አትጠብቀውም፣ ትጋፋዋለች። በ71 ዓመቱ የሚታገለው ሰው አገኘ። እህቴ፣ ያቺ የማክላፍሊኗ ፍርሃት እዚህ ተመልሳለች።

የማታ ተረኛ፦
አልሰማሁትም። ተረኛ ስወጣ እሰማዋለሁ።

ዲሲ ታክሲ፦
አንድ ነገር ልጠይቅ። ሪክ ሩቢን 72 ዓመት ሊጠጋ ላለ ሽማግሌ ያን ሁሉ ስቱዲዮ ያለ «ስሙዝ» ይከፍትለት ነበር?

የሸክላ ወዳጅ፦
ለዉድስቶክ ይከፍትለታል።

ዲሲ ታክሲ፦
ዉድስቶክ የነበሩት ስንቶቹ ዛሬ ስቱዲዮ ገብተዋል ጋሼ?

አወያይ፦
ለሊት ሆነ፣ እኔ ልተኛ ነው። ክርክሩን አልዘጋሁትም።

የሸክላ ወዳጅ፦ (በማግስቱ)
እንቅልፍ ስላጣሁ «አፍሪካ ስፒክስ»ን ሰማሁት። «ብሉ ስካይስ» የሚለውን ሁለት ጊዜ። ዘጠኝ ደቂቃ ነው። መጀመሪያ ላይ ጊታሩ የለም ብዬ ልሰድበው ስል፣ ከዘፋኞቹ ሥር ሆኖ ቀስ እያለ ሲወጣ ያዝኩት። መጨረሻው ላይ እንደ 1970 ይጮሃል። ይሄን የትኛው ሬዲዮ ነው የሚያጫውተው?

ዲሲ ታክሲ፦
ማንም። እኔ ታክሲዬ ውስጥ አጫውተዋለሁ፣ ደንበኛ ዝም ካለኝ።

የሸክላ ወዳጅ፦
በ«ስሙዝ» ጉዳይ ፍንክች አላልኩም። ሸክላው እዚያ ስንት እንደሚሸጥ ግን ጠይቅልኝ።