የሠራሁት የእጅ ባትሪ ብልጭ ድርግም ይላል፣ ድራይቨሩ ይግላል፤ ሌሊት 11 ሰዓት መንገድ አለብኝ!

የሽቦው ልጅ (ጠያቂ)፣ ማታ 1፡40
ሰላም ጓዶች፣ ቶሎ ድረሱልኝ። ለአባቴ የእጅ ባትሪ ሠርቼለት ነበር። 10 ዋት ኤልኢዲ፣ የላፕቶፕ ባትሪ ሴል፣ ድራይቨሩ ደግሞ ኤምቲ3608፣ ያቺ ቮልት ከፍ የምታደርገው ቡስተር ሞጁል። ሳበራው ግቢውን ቀን አስመሰለው። ሁለት ደቂቃ ሳይቆይ ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ። ድራይቨሩ ጣት አያስነካም፣ ሽታም አለው። ሌሊት 11 ሰዓት ወደ ሸዋ ሮቢት እሳፈራለሁ፣ ሱቅ ደግሞ ተዘግቷል። የትኛውን ድራይቨር ነበር መግዛት የነበረብኝ? አሁንስ ምን ላድርግ?

ፊውዝ፣ 1፡44
ሬዚስተር አድርግበት።

ቴስተሩ፣ 1፡47
ሴሉ ስንት ነው? ሲሪስ (ተከታትሎ) ነው ፓራለል (ጎን ለጎን)? ሂትሲንክ፣ ሙቀት የሚያሸሽ ብረት፣ አለው? በምን ቻርጅ ታደርገዋለህ? ዋናውን ነገር ሳትናገር "ድረሱልኝ" ትላለህ።

ጋሽ ሬዲዮ፣ 1፡58
ልጄ፣ ኤልኢዲ አምፖል አይደለም። አምፖል ሲግል ሬዚስታንሱ ይጨምርና ራሱን ይገታል። ኤልኢዲ ሲግል ግን የሚፈልገው ቮልት ይወርዳል። ቮልቱን ቆልፈህ ከሰጠኸው ከረንቱ ይጨምራል፤ ከረንቱ ሲጨምር ይግላል፤ ሲግል ደግሞ ይብስ ይስባል። ለዚህ ነው ትክክለኛ ድራይቨር ከረንቱን የሚቆጣጠረው። በእኛ ጊዜ ሁለት ባትሪ ድንጋይ ከተህ ታበራለህ፣ ሲዳከም ድንጋዩን ፀሐይ ላይ ታሰጣለህ፣ አለቀ። ነጭ ኤልኢዲ የመጣው ሰማያዊው ከተገኘ በኋላ ነው። አካሳኪ፣ አማኖና ናካሙራ እ.ኤ.አ. በ2014 የፊዚክስ ኖቤል የተሸለሙት በእሱ ነው። ነጭ ብለህ የምታየው ራሱ ሰማያዊ ነው፤ ላዩ ላይ ያለው ቢጫ ቀለም ነው ነጭ የሚያስመስለው...

አዳማ ሙቀቱ፣ 2፡01
ጋሼ፣ ልጁ አውቶቡስ ሊያመልጠው ነው፣ እርስዎ ኖቤል ሊቀበሉ ስቶክሆልም ገቡ። ሃሃሃ።

የሽቦው ልጅ፣ 2፡05
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ ግን በኋላ ያስተምሩኛል። ሁለት ሴል ነው፣ ፓራለል። ቴስተር 4.1 ቮልት ያሳያል። ቻርጁ በቲፒ4056 ሰሌዳ ነው። ኤልኢዲውን የሳርዲን ቆርቆሮ ላይ ነው ያጣበቅኩት።

ፊውዝ፣ 2፡06
ሬዚስተር ብያለሁ።

ጨለማ ጠል፣ 2፡12
እኔ ያልገባኝ 10 ዋት ለምን እንዳስፈለገ ነው። ከመርካቶ አንድ ደህና ባትሪ ገዝተህ ብትሰጣቸው አሁን ተኝተህ ነበር።

የሽቦው ልጅ፣ 2፡15
አባቴ ሽንኩርት ያለማል። የውሃ ተራው ሌሊት ነው የሚደርሰው። ጅቡን ከሩቅ ማየት አለበት። የሱቁን ሁለት ጊዜ ገዛሁለት፣ ሁለቱም ወር አልሞላቸውም።

ጨለማ ጠል፣ 2፡19
ጅቡ ከሆነ እንግዲያው ጨርሶ ተሳስተሃል። ርቀት የሚመጣው ከዋት ብቻ አይደለም። 10 ዋቷ ሰፊ ፊት ነው ያላት፣ ብርሃኗ እግር ሥር ይፈሳል። ነጥብ የምታህል ባለ 3 ዋት ኤልኢዲ ጥሩ ሌንስ ብታገኝ ከእሷ አርቃ ትወረውራለች።

ቴስተሩ፣ 2፡31
ጨለማ ጠል ስለ ርቀቱ ልክ ነው። ግን ዛሬ ማታ ሌንስ አይገኝም፣ ስለዚህ በያዝከው እንሥራ።

ችግርህ ይኸው። የ10 ዋቷ ኤልኢዲ ከ9 እስከ 11 ቮልት ትፈልጋለች፣ 0.9 አምፒር ገደማ። ውስጧ ያሉት ትንንሽ ኤልኢዲዎች ሦስት ሦስት ሆነው በሲሪስ የተደረደሩ ናቸው። አንተ የምትሰጠው በአማካይ 3.6 ቮልት ነው። 9 ዋት ለማውጣት፣ የሚባክነውን ጨምረህ፣ ቡስተሩ ከሴሎቹ 3 አምፒር ያህል መሳብ አለበት። ያቺ የጥፍር ታህል ሞጁል ከ2 አምፒር በላይ አትችልም። ትግልና ራሷን ታጠፋለች፣ ትበርድና ታበራለች። ድርግምግሙ እሱ ይመስለኛል። ደግሞ ጋሼ እንዳሉት ቮልት እንጂ ከረንት አትቆጣጠርም።

ለዛሬ ኤልኢዲውን ንቀለው። ሞጁሏ ላይ ባለችው ሰማያዊ ሳጥን ያለችውን ትንሽ ብሎን እያዞርክ ውጤቱን 8.5 ቮልት አድርገው። ከዚያ ቴስተሩን 10 አምፒር ላይ አድርገህ ከኤልኢዲው ጋር በሲሪስ ግባበት፤ ቀዩን ገመድ ወደ 10 አምፒሩ ቀዳዳ መቀየር እንዳትረሳ። በጣም በዝግታ ከፍ እያደረግክ 0.3 ሲደርስ አቁም። 10 ደቂቃ አብራውና እንደገና እየው፣ ከወጣ መልሰህ ቀንሰው። 0.3 ላይ 3 ዋት ገደማ ነው፤ ብርሃኑ ለዓይን በዋቱ ልክ አይቀንስም። ሴሎችህ 2000 ሚሊአምፒር አወር የሚይዙ ከሆነ ደግሞ ከ4 ሰዓት በላይ ያበሩልሃል። በ10 ዋት ግን አንድ ሰዓት ትንሽ ቢያልፍ ነው።

ፊውዝ፣ 2፡34
ሬዚስተሩስ?

ቴስተሩ፣ 2፡36
እሺ፣ አንተም ልክ ነህ። 1 ኦም፣ 1 ዋት ሬዚስተር ከኤልኢዲው ጋር በሲሪስ ብታስገባ ከረንቱ በድንገት አይዘልም። ከአሮጌ ቻርጀር ሰሌዳ ላይ ንቀል።

መበየጃ፣ 2፡50
ለወደፊቱ ላለ ሰው ልጨምር። ድራይቨር ስትመርጡ መጀመሪያ የሴሉን ቮልት ከኤልኢዲው ቮልት ጋር አስተያዩ። አንድ ሴልና አንድ 3 ዋት ኤልኢዲ ከሆነ ባለ 7135 ድራይቨር ይበቃችኋል። አንዷ ቺፕ 350 ሚሊአምፒር ትሰጣለች፣ ሁለት ካደረጋችሁ 700። የማትፈልገውን ቮልት በሙቀት ታቃጥለዋለች፣ ግን ልዩነቱ ትንሽ ስለሆነ አይጎዳም። ሁለት ሴል በሲሪስ አትስጧት፣ ከ6 ቮልት በላይ አትችልም። ባለ 12 ቮልት የሶላር ባትሪ ያለው ሰው ደግሞ ፒቲ4115 የሚባለውን ድራይቨር ይግዛ፣ ከ6 እስከ 30 ቮልት ይቀበላል። እኔ ያቃጠልኳቸው 7135ዎች ግን ራሳቸው አንድ ሱቅ ይሞላሉ፣ ከእኔ ተማሩ።

የሽቦውን ልጅ ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቀው። ሞጁሏን ቲፒው ላይ "አውት" የሚለው ጋ ነው ያበየድካት ወይስ "ቢ" የሚለው ጋ?

የሽቦው ልጅ፣ 2፡58
ቢ ጋ። ቅርብ ስለሆነ።

መበየጃ፣ 3፡00
ባለ ስድስት ቀዳዳው ቲፒ ከሆነ ወደ አውት ቀይረው። ቢ ጋ ካለ ጥበቃው አይሠራም። አባትህ ሴሉ እስኪሞት ያበሩታል፣ ከ2.5 ቮልት በታች ከወረደ በኋላ ደግሞ ቻርጅ ማድረግ አደገኛ ነው።

ጋሽ ሬዲዮ፣ 3፡04
የሳርዲኑን ቆርቆሮ ተወው ልጄ። ቀጭን ነው፣ ሙቀት አያሸሽም። የአሮጌ ኮምፒውተር ሂትሲንክ ካለህ እሱ ላይ ጠበቅ አድርገህ እሰረው። ስለ ኖቤሉ ሲመቸን እንጨርሳለን።

የሽቦው ልጅ፣ 3፡22
ወደ አውት ቀየርኩት። ቴስተሩ መጀመሪያ 0.8 ነበር ያሳየው! አሁን ወደ 0.3 እያወረድኩ ነበር፣ መብራት ጠፋ። ያለኝ ብርሃን የምጠግነው ባትሪ ብቻ ነው። ስልኬም 6 ፐርሰንት ላይ ነው።

አዳማ ሙቀቱ፣ 3፡23
ይሄን እንኳን ደራሲ አይጽፈውም።

ፊውዝ፣ 3፡25
ሻማ አድርግበት።

ጨለማ ጠል፣ ከ9 ቀን በኋላ፣ ጠዋት 3፡10
የሽቦው ልጅ፣ ጅቡ በላህ እንዴ? ቢያንስ ሠራ አልሠራ በለን።

እኔም ጀማሪ፣ ከ3 ሳምንት በኋላ፣ ማታ 12፡45
ይቅርታ፣ እኔም ይቺው ሞጁል አለችኝ። ብሎኑን 10 ጊዜ አዞርኩት፣ ቮልቱ ንቅንቅ አይልም። ተበላሽታ ነው?

ቴስተሩ፣ ማታ 1፡15
አልተበላሸችም። አዲስ ስትሆን እንዲያ ናት። ወደ ግራ ማዞርህን ቀጥል፣ እስከ 20 ዙር ልትፈልግ ትችላለች። ኤልኢዲው ግን አሁን አይገናኝ፣ ቮልቱ ሲነሳ ባንዴ ነው የሚዘለው።