የፒንክ ፍሎይድን «ዘ ዳርክ ሳይድ ኦፍ ዘ ሙን» ለመዳሰስ እንዴት ልስማው?

የማታ አድማጭ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። የእንግሊዙ የሮክ ባንድ ፒንክ ፍሎይድ በ1973 ስላወጣው አልበም፣ ስለ «ዘ ዳርክ ሳይድ ኦፍ ዘ ሙን»፣ በአማርኛ ዳሰሳ እየጻፍኩ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።) በአማርኛ ስለ ሮክ የሚጻፈው አብዛኛው «ድንቅ ነው፣ ዘመን አይሽሬ ነው» ብሎ ያበቃል። የእኔን ያነበበ ሰው አልበሙን ከፍቶ ያልኩትን በራሱ ጆሮ እንዲያረጋግጥ እፈልጋለሁ።

የምሰማው በስልክና ተራ ባለገመድ ኢርፎን ነው፤ ይበቃል ወይ? ቅጂውስ ብዙ ነው፣ የትኛውን ልያዝ? «መኒ» የሚለው ዘፈን ላይ ደግሞ ምቱን ስቆጥር ስድስትም ስምንትም አልገጥም አለኝ። የፖምፔዩን የኮንሰርት ፊልም እና የድራመሩን የኒክ ሜሰንን መጽሐፍ ከመጻፌ በፊት ልያቸው ወይስ በኋላ? እህታችሁ ነኝ፣ አስተካክሉኝ።

ሠላሳ ሦስት ዙር፦
ባለገመድ ኢርፎን ከበቂ በላይ ነው። የማይሆነው የስልኩ የራሱ ድምፅ ማጉያ ነው። አልበሙ የሚከፈተው ከዝምታ ቀስ እያለ በሚወጣ የልብ ምት ነው፤ ያ ምት ከድራሙ ትልቁ ከበሮ የተሠራ ወፍራም ድምፅ ነው። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር ደግሞ ባዶውን ሲመታ 41 ኸርዝ አካባቢ ነው። ትንሿ የስልክ ማጉያ እዚያ ድረስ አትወርድም። በስልክ ብቻ ሰምቶ የጻፈ ሰው «አልበሙ በዝምታ ይጀምራል» የሚለው ለዚህ ነው።

ከመጀመርሽ በፊት የማጫወቻውን ማስተካከያ ክፈቺ። ዘፈኖቹ አንዱ በሌላው ውስጥ እየገቡ ነው የሚሄዱት፤ እውነተኛ ማረፊያ ያለው የሸክላው አንደኛ ገጽ የሚያልቅበት፣ ከ«ዘ ግሬት ጊግ ኢን ዘ ስካይ» በኋላ፣ አንድ ቦታ ብቻ ነው። ስለዚህ የዘፈኖቹን ቅደም ተከተል የሚያዘበራርቀውን ማደባለቂያ (ሻፍል) አጥፊ። አንዱን ዘፈን እያደበዘዘ ሌላውን የሚያስገባውን ማስተካከያ ዜሮ አድርጊው፤ ስፖቲፋይ ላይ እስከ 12 ሰከንድ ይደርሳል፣ እዚህ አልበም ላይ መሸጋገሪያዎቹን ሁሉ ያበላሻል። የድምፅ ማመጣጠኛውንና ኢኳላይዘሩንም አጥፊ። ፋይሎችሽ ኤምፒ3 ከሆኑ፣ ሲጨመቁ በእያንዳንዱ ጫፍ ላይ ጥቂት ባዶ ቦታ ይጨመርባቸዋል፤ በዘፈኖቹ መካከል «ቅጭ» የሚለው እሱ ነው፣ የባንዱ ጥፋት አይደለም። ያለ ክፍተት የሚያጫውት ፕሮግራም ወይም የፍላክ ፋይል (ድምፁ ሳይጎድል የተጨመቀ) ይፈታዋል።

የድምፁን መጠን በልብ ምቱ አትለኪ። ምቱ ስለማይሰማ ሰው ድምፁን ከፍ ያደርጋል፣ «ታይም» ላይ ሰዓቶቹ በአንዴ ሲጮሁ ጆሮውን ይመታዋል። መጀመሪያ «ታይም»ን ወደ 2 ደቂቃ ተኩል ውሰጂው፤ ዘፈኑ የሚገባው እዚያ ነው። በዚያ ልክ አስተካክለሽ ወደ መጀመሪያው ተመለሺ።

ግራና ቀኙን በ«ኦን ዘ ረን» ፈትሺ። የሯጩ እግር ድምፅ ከአንዱ ጆሮ ወደ ሌላው መሄድ አለበት። መሃል ላይ ከቆመ ስልክሽ ሁለቱን ጆሮ ወደ አንድ የሚያጣምረው ማስተካከያ በርቶበታል፤ የተደራሽነት ዝርዝር ውስጥ ታገኚዋለሽ። እዚያው የሚንጫጫው ሲንተሳይዘር ስምንት ኖታ ብቻ ነው፤ በዝግታ ተመዝግቦ ፍጥነቱ ተጨምሮበት ነው እንደዚያ የሚርገበገበው።

ስለ ቅጂው፣ በ1973 የወጣውን የስቲሪዮ ሚክስ፣ ማለትም የተቀዱት ድምፆች ለግራና ለቀኝ ጆሮ ተመጣጥነው የተዋሃዱበትን፣ ያዢ። በ2011 ወይም በ2023 ሪማስተር የተደረገው (ያለቀለት ሚክስ ድምፁ እንደገና የተጠራበት) ቢሆንም ሚክሱ ያው ነው። ጄምስ ገትሪ በ2003 ለአምስት ማጉያና ለአንድ ሰብ ዉፈር (የወፍራም ድምፅ ማጉያ) ያዘጋጀው ግን የመሣሪያዎቹ ቦታ የተለወጠበት ሌላ ሚክስ ነው። በ1974 ለንደን፣ ዌምብሌይ ላይ የተቀዳው ደግሞ የመድረክ ሥራ ነው። ከሁሉም በላይ ተጠንቀቂ የምልሽ በ2023 የቀድሞው የባንዱ ቤዝ ተጫዋች ሮጀር ዎተርስ ያለ ባንዱ የሠራውን «ሪደክስ» ነው። ስሙ ይመሳሰላል፤ ውስጡ ግን ንግግር የበዛበትና የጊታር ሶሎ የሌለበት ነው። ፍለጋ ላይ አብሮ ይመጣል። የሰማሽውን ቅጂ ዓመት በዳሰሳው መጀመሪያ አካባቢ በአንድ ዐረፍተ ነገር አስቀምጪው።

ቅጂውን ማወቅ፣ ደቂቃ ስትጠቅሺም ይጠቅምሻል። አንዳንድ ሲዲ ላይ «ስፒክ ቱ ሚ» እና «ብሬዝ» አንድ ትራክ ሆነው ተጣምረዋል፤ ሌሎቹ ላይ ተለያይተዋል። ከአልበሙ መነሻ እየቆጠርሽ ሳይሆን ከየዘፈኑ መነሻ ቁጠሪ፣ ለእነዚህ ለሁለቱ ደግሞ የትኛው አከፋፈል እንደሆነ ግለጪ።

አራት ክር፦
«መኒ» ሰባት ነው፣ ሰባት አራተኛ፤ አንዱ ዙር ሰባት ምት አለው ማለት ነው። በችክችካ ያደገ ጆሮ ስድስተኛው ላይ ዙሩ የተዘጋ ይመስለዋል፣ ሰባተኛው ሲመጣ ይደናቀፋል። በአፍሽ አትቁጠሪ፤ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» እያልሽ ሰባት ከመድረስሽ ምቱ ጥሎሽ ይሄዳል። በቀኝ እጅሽ አራት፣ በግራሽ ሦስት ጠረጴዛ ላይ ምቺ። ቤዙ ሐረጉን እንደ አዲስ የሚጀምርበት ሁልጊዜ አንድ ላይ ነው።

መለማመጃው መግቢያው ላይ ተቀምጦልሻል። ሳንቲም፣ የሚቀደድ ወረቀት፣ የሂሳብ መመዝገቢያ ማሽን እየተፈራረቁ የሚሰሙት ሰባት ምት ሞልተው ነው የሚዞሩት። ለንደን ባለው በአቢ ሮድ ስቱዲዮ እያንዳንዱ ድምፅ ያለበት የቴፕ ቁራጭ በማስመሪያ እኩል ተለክቶ፣ ተቆርጦ፣ ጫፍና ጫፉ ተለጥፎ ቀለበት ሆነ። ኮምፒውተር በሌለበት ጊዜ ነው ይህ ሁሉ። ቤዙ ከመግባቱ በፊት በእሱ ላይ ቁጠሪ።

አሁን ብዙ ሰው የሚስተው ይመጣል፤ ዘፈኑ በሙሉ ሰባት አይደለም። 2ኛው ደቂቃ አካባቢ የሚገባው የዲክ ፓሪ ሳክስፎን በሰባት ነው የሚሄደው። 3ኛውን ደቂቃ እንዳለፍሽ የዴቪድ ጊልሞር ጊታር ሲነሳ ምቱ ወደ አራት ይዞራል፤ ሩጫው ድንገት የሚቀልልሽ ለዚህ ነው። 5ኛው ደቂቃ አካባቢ ወደ ሰባት ይመለሳል። የጊታሩን ሶሎ (ጊታሩ ብቻውን የሚመራበትን ክፍል) ራሱን ለሦስት ክፈይው። መጀመሪያው ወፍራምና ማሚቶ የሞላው ነው። መሃሉ ላይ ማሚቶው ይነሳል፣ ሌሎቹ መሣሪያዎችም ይሳሳሉ፣ ጊታሩ አጠገብሽ የቆመ ያህል ደረቅ ይሆናል። ከዚያ ሦስተኛው እንደገና ሞልቶ ሲፈነዳ ትልቅ የሚመስለው ያ ደረቅ ክፍል ስላለ ነው። ለእኔ የአልበሙ ምርጥ የሚክስ ውሳኔ ይህ ነው፤ «ጊልሞር ጎበዝ ነው» ከማለት ይህን መጻፍ ይሻላል።

የዘፋኞቹንም ድምፅ ለዪ። ግጥሙን በሙሉ የጻፈው ዎተርስ ስለሆነ ሰው የሚዘፍነውም እሱ ይመስለዋል። እሱ መሪ ሆኖ የሚዘፍነው መጨረሻ ላይ ያሉትን «ብሬይን ዳሜጅ» እና «ኤክሊፕስ» ብቻ ነው። «ታይም» ላይ ሻካራውን ጊልሞር ይዘፍናል፣ መሃል ላይ ለስለስ ያለው ኪቦርዲስቱ ሪቻርድ ራይት ነው። «አስ ኤንድ ዜም» ላይ የምትሰሚውን ፒያኖ ራይት መጀመሪያ የደረሰው ለ1970ው የአንቶኒዮኒ ፊልም «ዛብሪስኪ ፖይንት» ነበር፤ ዳይሬክተሩ ሳይቀበለው ቀረ። ይህን የምነግርሽ ለወሬ ማጣፈጫ አይደለም። ዜማው ለምን እንደዚያ ረጋ ብሎ፣ ቃል እንደማይጠብቅ ሆኖ እንደሚፈስ ያስረዳሻል።

የሌሊት ትርዒት፦
ስለ ፊልሙ እኔ ልጨምር። የኤድሪያን ሜበን ሥራ ነው፤ ጣሊያን፣ ፖምፔይ ውስጥ ባለው ጥንታዊ የሮማውያን ክብ ቲያትር፣ በኦክቶበር 1971፣ ያለ ተመልካች ተቀረጸ። አቢ ሮድ ላይ የአልበሙ ቀረጻ የተጀመረው በ1972 አጋማሽ ነው። ስለዚህ የፖምፔዩ ትዕይንት ለዚህ አልበም የመድረክ ማስረጃ አይሆንሽም። በ1974 የወጣው ረዘም ያለው ፊልም ግን ባንዱን አቢ ሮድ ውስጥ በዚህ አልበም ላይ ሲሠራ የሚያሳይ ክፍል ተጨምሮበታል፤ ያንን ፈልጊ። በ2025 ፊልሙ ታድሶ ሲወጣ የኮንሰርቱን ድምፅ እንደ አዲስ ሚክስ ያደረገው ስቲቨን ዊልሰን ነው፤ የምታዪው የትኛው እንደሆነ እዚህም ላይ ጻፊ።

አንድ ወጥመድ አለ፤ ሁሉም ዘፈን ፖምፔይ ላይ አልተቀረጸም። «ኤኮስ»፣ «ኤ ሶሰርፉል ኦፍ ሲክሬትስ» እና «ዋን ኦፍ ዚዝ ዴይስ» የእዚያ ናቸው፤ የቀሩት ፓሪስ ስቱዲዮ ውስጥ ተሠሩ። መለያው ራይት ነው፤ ፖምፔይ ላይ ጢም አለው፣ ፓሪስ ላይ ተላጭቷል። «ዋን ኦፍ ዚዝ ዴይስ» ላይ ካሜራው ከሜሰን ድራም የማይነሳው ደግሞ የተቀረጸው ፊልም ከፊሉ ስለጠፋ ነው። ይህን ሳያውቁ «ዳይሬክተሩ ድራሙን የዘፈኑ ማዕከል አደረገው» እያሉ የተነተኑ አሉ።

አልበሙን በመድረክ ማነጻጸር ካማረሽ የ1974ቱን ዌምብሌይ ውሰጂ። በ1995 የወጣው የመድረክ ቅጂ «ፐልስ»ም አልበሙን ሙሉውን ይዟል፤ ግን ዎተርስ ባንዱን ከለቀቀ በኋላ የተቀረጸ ነው።

መጽሐፉን ጽፈሽ ስትጨርሺ አንብቢው። የሜሰን «ኢንሳይድ አውት» በ2004 ወጣ፤ በባንዱ አልበሞች ሁሉ ላይ ያለ እሱ ብቻ ስለሆነ ትልቅ ዋጋ አለው። አስቀድመሽ ካነበብሽው ግን የእሱን ጆሮ ይዘሽ ትሰሚያለሽ። ማስታወሻ የአንድ ሰው ትውስታ ነው፤ የስቱዲዮውን አሠራርና የአባላቱን ግንኙነት ከእሱ ውሰጂ፣ ቀንና ቁጥር ከሌላ ቦታ አመሳክሪ።

የማታ አድማጭ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ጋሽ ሠላሳ ሦስት፣ ማደባለቂያው እስካሁን በርቶ ነበር፣ አጠፋሁት። ሁለት ነገር ቀረኝ። ግጥሞቹን ተርጉሜ ላስገባ ወይ? የኮከብ ነጥብስ ልስጥ?

አራት ክር፦
ሙሉ ግጥም ተርጉሞ ማተም ፈቃድ ይጠይቃል። አንድ ስንኝ ጠቅሰሽ ስለ ምን እንደሚል በራስሽ አማርኛ አስረጂ። ኮከቡን ተዪው፤ ስለዚያ ደረቅ የጊታር ክፍል ምንም አይነግረኝም።

ሠላሳ ሦስት ዙር፦
በኮከቡ ከአራት ክር አልስማማም፤ ስለ ሮክ ምንም ለማያውቅ አንባቢ መግቢያ ይሆነዋል። ከነጥቡ አጠገብ ምክንያቱ እስካለ ድረስ ስጪ።

ከመለጠፍሽ በፊት ግን እነዚህን አጣሪ። የአልበሙ ሽፋን ላይ ብርሃኑን ከሚበትነው ባለ ሦስት ማዕዘን መስታወት (ፕሪዝም) የሚወጡት ቀለሞች ስድስት ናቸው፣ ሰባት ብለሽ እንዳትጽፊ። አሜሪካ ውስጥ በቢልቦርድ የአልበሞች ደረጃ ሰንጠረዥ ላይ ከ1973 እስከ 1988 ድረስ 741 ሳምንት ቆይቷል፤ አንደኛ የሆነው ግን አንድ ሳምንት ብቻ ነው። እንግሊዝ ውስጥ ከሁለተኛ አላለፈም። «ዘ ግሬት ጊግ ኢን ዘ ስካይ» ላይ ያለ ቃል የምታዜመው ክሌር ቶሪ ናት፤ ለቀረጻው 30 ፓውንድ ተከፈላት። በ2004 ከሰሰች፣ በ2005 በስምምነት ተፈታ፣ ከዚያ ወዲህ ስሟ ከራይት ጋር በደራሲነት ይጻፋል። የድሮ ካሴት ወይም ሸክላ ሽፋን ላይ ራይትን ብቻ ስለምታገኚ የደራሲዎቹን ስም ከአዲሱ ቅጂ ገልብጪ።