የሚጥል በሽታና ኦንኮ በወንዝ ዳር ቀበሌዎች፦ በጋራ ፕሮፖዛላችን ረቂቅ ላይ የዕቅድ ውይይት

ጸሐፊ
እንደምን አደራችሁ። ቅዳሜ ቡና ላይ ያወራነውን ወደ ወረቀት አውርጄዋለሁ፤ ሳትራሩ አስተካክሉት። ርዕሱ ለጊዜው «በጅማ ዞን ወንዝ ዳር ቀበሌዎች የልጆች የማንጎላጀት በሽታ ፍለጋ» ይላል። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

መነሻዬ ይሄ ነው። በ1960ዎቹ ታንዛኒያ ውስጥ፣ ማሄንጌ በሚባል ተራራማ አገር፣ ሉዊዝ ጂሌክ-ኦል የምትባል ወጣት ኖርዌጂያዊት ሐኪም የሚጥል በሽታ ያለባቸውን ስታክም አንገታቸው ወደ ታች እየወደቀ የሚያንጎላጁ ልጆች አየች። ኋላ ላይ ይኸው ሕመም በደቡብ ሱዳንና በሰሜን ዩጋንዳ በብዛት ታየ። ልጁ ደህና ሆኖ ሲያድግ ይቆይና ከ3 እስከ 18 ባለው ዕድሜ ይጀምረዋል። ምግብ ሲቀርብለት ወይም ብርድ ሲመታው ጭንቅላቱ ደጋግሞ ይወድቃል። እያደር የሚጥለው ይሆናል፤ ከትምህርቱ ይቀራል፤ ቁመቱም ባለበት ይቆማል። ሦስቱም ቦታ ኦንኮ፣ ማለትም ፈጣን ወንዝ ውስጥ የምትራባ ጥቁር ዝንብ ስትነክስ የምታስተላልፈው የትል በሽታ፣ አለ። እኛም ጋ ኦንኮ አለ፣ ፈጣን ወንዝ አለ፣ ጥቁር ዝንቧም አለች። ታዲያ ለምን ሄደን አናይም?

የላብራቶሪው
ወንድሜ፣ ልፋትህን አደንቃለሁ፤ ርዕሱን ግን ሰርዘው። «ፍለጋ» ብሎ የወጣ ሰው ባዶ እጁን አይመለስም፤ ክፍል ውስጥ እንቅልፍ የጣለው ተማሪ ሁሉ በሽተኛ ይሆንብሃል። እዚህ አለ ብለን የምንነሳበት ምንም ነገር በእጃችን የለም።

ጠንካራው ጥያቄ ሌላ ነው። ኦንኮ በበዛበት የሚጥል በሽታም እንደሚበዛ በተለያዩ የአፍሪካ አገሮች ታይቷል፤ ትሉ አንጎልን በምን መንገድ እንደሚጎዳ ግን ክርክሩ አላለቀም። ስለዚህ ወንዙ አጠገብ ያሉ ቀበሌዎችን ከራቁት ጋር እናነጻጽር። ለመነሻ ያህል ቡታጅራ ላይ የተሠራው የታወቀ ጥናት የሚጥል በሽታ ያለበት ከ1,000 ሰው 5.2 ነው ያገኘው።

ሌላው፣ የቆዳ ናሙና ብቻ ብለሃል፤ አይበቃም። ለኦንኮ የሚታደለው መድኃኒት፣ ሜክቲዛን፣ የሚገድለው ቆዳ ውስጥ የሚርመሰመሱትን ጥቃቅን ልጆቹን ነው። እናቲቱ ትል ከ10 ዓመት በላይ ትኖራለች። ለዓመታት ሲውጥ የኖረ ሰው ቆዳው ንጹህ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ግን ድሮ አልተያዘም ማለት አይደለም። ከጣት ጠብታ ደም ወስደን ሰውየው ትሉ ደርሶበት እንደሆነ የሚያሳየውን የኦቪ16 ምርመራ እንጨምር።

ጤና ኤክስቴንሽን የነበረችው
እኔ ስለ ትሉ ብዙ አላውቅም። አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ።

ሜክቲዛን ስናድል መለኪያችን ዱላ ነው። ሚዛን የለም። ሰውየው ዱላው ጎን ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ 90 ሴንቲሜትር ካልሞላ አይወስድም፣ ከሞላ እንደ ቁመቱ ከአንድ እስከ አራት ፍሬ። አንድ ጎጥ ላይ መዝገቡ 12 ዓመት የሚላት ልጅ መጣች። ዱላው ጋ ሳቆማት 120 ላይ ያለው ምልክት ከአናቷ በላይ ቀረ። መዝገቡ ተሳስቷል ብዬ እናቷን ብጠይቃት፣ ዕድሜዋ ልክ ነው አለችኝ፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ። የልጅቷ ግራ እጅ ከክርኗ እስከ ጣቷ ጠባሳ ነው። ምድጃ ላይ ወድቃ ነው አለች እናትየዋ፣ ሌላ አልጨመረችም። እኔም አልጠየቅኩም፤ ሰልፉ ረጅም ነበር። አንድ ፍሬ አስውጬ ቀጣዩን ጠራሁ።

አሁን ጸሐፊያችን የጻፈውን ሳነብ ያቺ ልጅ ናት የመጣችብኝ።

እና ቅጹ ላይ «አባወራውን ጠይቅ» የሚለውን አውጡት። አባወራው የለም ይላችኋል። ለምን አይል? እህቶቿን ማን ያገባቸዋል? ልጅቷ ጓዳ ናት። እናትን ጠይቁ፣ ብቻዋን፣ በኦሮምኛ። የበሽታውን ስም ደግሞ አትጥሩ። «ገገብዶ ያለበት አለ ወይ» ካላችሁ በሩ ያኔውኑ ተዘጋ። «ራሱን ስቶ የወደቀ፣ እሳት ላይ ወይ ውኃ ውስጥ የወደቀ ልጅ አለ?» በሉ። ሲወድቅ ክብሪት ለኩሰው የሚያሸቱት፣ አረፋው ይጋባል ብለው የማይነኩት ሰው የት እንዳለ ጎረቤት ሁሉ ያውቃል፤ ከእናቱ አፍ ካልወጣ ግን እናንተ መዝገብ ላይ አይገባም።

ገንዘብ ያዥ
በጀቱን አየሁት። መኪና ኪራይ አለ፣ አበል አለ፣ ማባዣ አለ፣ የምርመራ ዕቃ አለ። መድኃኒት የሚል መስመር የለም። ያገኘነውን ሰው ምን ልንለው ነው?

ጸሐፊ
የምንሠራው ጥናት ነው እኮ፣ ሕክምና አይደለም። አሜሪካዊው ሐኪም ጋይዱሴክም በ1957 ፓፑዋ ኒው ጊኒ ደጋ ላይ ፎሬ የሚባሉ ሕዝቦች ዘንድ ገብቶ ከዶክተር ዚጋስ ጋር ኩሩ የሚባለውን ገዳይ የአንጎል በሽታ ሲያጠና፣ ገና 33 ዓመቱ ነበር፣ መድኃኒት ይዞ ስላዳነ አይደለም የሚታወሰው። መዝግቦ፣ ናሙና ልኮ ነው። በ1976 ኖቤል አገኘ።

አማካሪያችን
ልጄ፣ ኩሩን ካነሳህ አይቀር ግማሹን ብቻ አታንሳ።

መጀመሪያ የተጠረጠረው ዘር ነበር፤ በቤተሰብ እየተከተለ፣ ይበልጡንም ሴትና ሕፃን እየለየ ስለሚገድል። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሸርሊ ሊንደንባምና ሮበርት ግላስ የሚባሉ ባልና ሚስት አንትሮፖሎጂስቶች መንደሩ ውስጥ ተቀምጠው ሰዉን አዳመጡ። ማን የማን ልጅ ነው፣ ማን መቼ ሞተ፣ መጀመሪያ የታመመው የቱ መንደር ነው እያሉ። ሽማግሌዎቹ በሽታው የመጣበትን ዘመን ያስታውሳሉ! ሰው የሚያስታውሰው አዲስ በሽታ እንዲህ ፈጥኖ የተስፋፋው በዘር ብቻ ሊሆን አይችልም። ሴቶቹ ደግሞ ለቅሶ ላይ የሞተ ዘመዳቸውን፣ አንጎሉን ጭምር፣ ይበሉ እንደነበር ታወቀ፤ ለእነሱ የክብር ነገር ነው። አዋቂ ወንዶቹ በአብዛኛው አይበሉም። መልሱ ሴቶቹ ጋ ነበር ማለት ነው። የኖቤሉ ሽልማት ላይ ግን የእነዚያ የባልና ሚስቱ ስም የለም፤ ይሄንን በቅንፍ ያዙልኝ።

ወጣቱ አውስትራሊያዊ ሐኪም ማይክል አልፐርስም በ1961 ሄዶ እዚያው መንደር ኖረ። አንዲት የ11 ዓመት ልጅ ስትሞት አንጎሏ አሜሪካ ሊሄድ የቻለው ወላጆቿን አስቀድሞ ስለሚያውቃቸውና ስለፈቀዱለት ነው። ናሙናው የተሰጣት ቺምፓንዚ ሁለት ዓመት ያህል ቆይታ ታመመች፣ በ1966 ታተመ፤ በሽታው የሚተላለፍ መሆኑ የተረጋገጠው በዚህ ነው። አየህ፣ ናሙናው የመጣው ከመተዋወቅ በኋላ ነው።

ደግሞም ጋይዱሴክና ዚጋስ ያላቸውን መድኃኒት ሁሉ ሞክረዋል። አልሠራም እንጂ ሳይሞክሩ አልቀሩም። ለኩሩ መድኃኒት አልነበረም፤ ለሚጥል በሽታ ግን ፌኖባርቢታል አለን፣ ርካሽ ነው፣ ብዙውን ሰው ይይዝለታል። ከዓመታት በፊት አንድ ቡድን፣ ስሙን አልጠራም፣ እኔ አስተርጓሚ ሆኜ ደም ወስዶ ሄደ፤ ውጤቱ እስከ ዛሬ አልመጣም። ገበያ ላይ ሲያገኙኝ አሁንም ይጠይቁኛል።

የላብራቶሪው
ጋሼ ልክ ብለዋል። አንድ ጥንቃቄ ብቻ፦ ፌኖባርቢታል ጀምሮ በድንገት ያቋረጠ ሰው ከበፊቱ የባሰ ሊጥለው ይችላል። ለአንድ ወር ሰጥተን ከምንጠፋ ባንሰጥ ይሻላል። ጤና ጣቢያው ተቀብሎ ሊቀጥልበት ይገባል፤ ስለዚህ ከወረዳው የድጋፍ ደብዳቤ ጋር የጤና ጣቢያውም ስምምነት ይያያዝ።

ጸሐፊ
እሺ፣ ተረታሁ። የተሻሻለው ዓላማ ይኸው፦

«በጅማ ዞን በፈጣን ወንዝ አጠገብና ከወንዝ ርቀው በሚገኙ ቀበሌዎች ያለውን የሚጥል በሽታ ስርጭት ማነጻጸር፤ የታማሚዎችን የሜክቲዛን አወሳሰድ ታሪክና የኦቪ16 ውጤት መመዝገብ፤ የተገኘውን ታማሚ ሁሉ ሕክምናውን በዘላቂነት ከሚሰጠው ጤና ጣቢያ ጋር ማገናኘት። መረጃው በቅድሚያ ከእናቶች፣ በኦሮምኛ፣ በሴት ጠያቂ ይሰበሰባል። ውጤቱ ከመታተሙ በፊት ለየቀበሌው ነዋሪ በቃል ይነገራል።»

ማንጎላጀት ቅጹ ውስጥ አንድ ጥያቄ ሆኖ ቀርቷል። ጊዜውን ኅዳር ብዬ ነበር።

ጤና ኤክስቴንሽን የነበረችው
ኅዳር ቡና ለቀማ ነው፤ ቤት ውስጥ ከድመት በቀር ማንንም አታገኝም። ከጥምቀት በኋላ ይሁን፣ ረመዳን የሚገባበትንም አይታችሁ። ዓርብን ተዉት።

ገንዘብ ያዥ
ከአበሉ ቀንሼ መድኃኒት የሚል መስመር አስገብቻለሁ። የሚያኮርፍ ካለ በግል ያናግረኝ።

ጤና ኤክስቴንሽን የነበረችው
አንድ ነገር ልለምን። ያቺ ልጅ ያለችበት ቀበሌ ናሙናው ውስጥ ይግባልኝ።

የላብራቶሪው
እህቴ፣ ቀበሌ የሚመረጠው በዕጣ ነው። በልመና ካስገባን ንጽጽሩ ይበላሻል።

ጤና ኤክስቴንሽን የነበረችው
ገባኝ። እንግዲያው ዕጣውንም ጥርንም አልጠብቅም። የፊታችን ቅዳሜ ሄጄ እናትየዋን አነጋግራለሁ፤ ከፈቀደች ልጅቷን ጤና ጣቢያ አደርሳታለሁ። ለጥናቱ አትቁጠሯት።

ገንዘብ ያዥ
የሦስታችሁ የደርሶ መልስ መሳፈሪያ ከኪሴ።