የቡና ገለባ ያለ ሄክሴን ማውጣት ይቻላል?

የከዚራ ልጅ፦
ሰላም ነው? ከድሬ ነኝ። አጎቴ ሐረር መውጫ ላይ ቡና መቀሸሪያ አለው፣ ጀንፈሉ ሲቀሸር ገለባው እንደ ጉድ ነው ሚከመረው፣ እና ኬሚስትሪ ስለተማርኩ ካፌይኑንና ክሎሮጀኒክ አሲዱን (ቡና ውስጥ ያለው አንቲኦክሲዳንት) አውጥቼ ቅባትና ሳሙና ለሚሰሩ ልሽጥ አልኩ። ካምፓስ እያለን በሄክሴን (ከነዳጅ የሚወጣ፣ ቶሎ እሳት የሚይዝ ማሟሚያ) ምናምን ነበር ምንሰራው፣ በድሬ ሙቀት ቤት ውስጥ ሄክሴን ማፍላት ግን እብደት ነው። ይሄ ግሪን ሶልቨንት (ጉዳቱ ያነሰ ማሟሚያ) የሚሉት ነገር እኛ ጋ ይሰራል? ካርቦን ዳይኦክሳይድስ?

ላብ ሰው፦
ወንድሜ ሄክሴን ድሮም አይሆንህም፣ እሱ ዘይትና ሰም ነው ሚያወጣው፣ ክሎሮጀኒክ አሲድ ውሃ ይወዳል። ግማሽ ውሃ ግማሽ ኢታኖል አድርገህ 50 ዲግሪ አካባቢ ዘፍዝፈው፣ አታፍላው ይበላሻል። ኢታኖሉን በ78 ዲግሪ አትነህ መልሰህ ትጠቀምበታለህ፣ ከ95 ፐርሰንት በላይ አይጠራም ግን ለራስህ ውሃ ስለምትጨምርበት ምን ቸገረህ። እሱም እሳት ነው ታዲያ፣ ከሰል አጠገብ እንዳታስበው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ደሞ ከ31 ዲግሪና ከ74 ባር ግፊት በላይ ነው ሶልቨንት ሚሆነው፣ 31ዱን የድሬ ፀሐይ በነፃ ትሰጥሃለች፣ 74ቱን ማን ይሰጥሃል 😂 ያውም በተግባር 200 እና 300 ባር ነው ሚሰራበት፣ ማሽኑን እርሳው።

ጀጎል ነኝ፦
አቦ እናቴ አሸር (ይሄንኑ የቡና ገለባ) በውሃ ቀቅላ ወተት ጨምራ ሆጃ ስታደርገው ኤክስትራክሽን መሆኑን ማን ነገራት? ወላሂ ግሪን ግሪን ትላላችሁ እኛ ስንጠጣው ነው ያደግነው።

የከዚራ ልጅ፦
@ጀጎል ነኝ ሃሃ ልክ ነሽ እህቴ፣ ግን ሆጃ ሁለት ቀን ሳይሞላው ይኮመጥጣል፣ እኔ ደሞ ሚቆይ ነገር ነው ምፈልገው።

አንዷ፦
ዲፕ ዩቴክቲክ ሚባሉትን፣ ተቀላቅለው ፈሳሽ ማሟሚያ ሚሆኑትን፣ አይተሃል? ኮሊን ክሎራይድና ዩሪያ 1 ለ 2 ሲቀላቀሉ፣ ሁለቱም ለየብቻ ጠጣር ሆነው ሳለ፣ 12 ዲግሪ ላይ ሳይቀር ፈሳሽ ናቸው። ችግሩ አይተኑም፣ ያወጣኸውን መለየት ያሰቃያል፣ ግሪን ነው ሲሉህ መጀመሪያ ይሄን ጠይቅ። ላንተ ግን ገዢዎችህ ቅባት ሰሪ ከሆኑ ግሊሰሪንና ውሃ በቂ ነው፣ ግሊሰሪን ለራሱ ቅባት ውስጥ ስለሚገባ ምንም ሳትለይ ከነሶልቨንቱ ትሸጠዋለህ። ግን በደንብ ካላጠለልከው የገለባው ዱቄት ይዘቅጣል፣ ግሊሰሪኑ ደሞ ወፍራም ስለሆነ ሞቅ እያለ አጥልለው።

ላብ ሰው፦
እሷ ያለችው ይሻላል። ዝናብ የመታውን ገለባ ግን እንዳትነካው፣ ሻጋታው ኦክራቶክሲን የሚባል መርዝ ሊኖረው ይችላል፣ ከፈለግከው ጋር አብሮ ይወጣል።

የከዚራ ልጅ፦
ኧረ ክምሩ ግማሹ ሻግቷል! ነገ ሄጄ አዲሱን ለብቻ ሸራ ላይ እንዲያሰጡልኝ ላድርግ፣ አጎቴ ምን ሊለኝ ነው ደሞ 🙈