እናታችንን ከነስኩተሯ ክሩዝ ይዘናት እንሂድ ወይስ ይቅር?

የእማዬ ልጅ (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ሰላም ናችሁ ወገኖች። ክሩዝ (የመርከብ ሽርሽር) የሄደ ሰው ካለ ይርዳኝ።

እናቴ 72 ዓመቷ ነው። ሁለቱም ጉልበቷ እምቢ ብሏል፣ ስኳርም አለባት። ቤት ውስጥ በምርኩዝና ግድግዳ እየያዘች ትንቀሳቀሳለች፤ ከቤት ውጪ ግን ካለፈው ዓመት ጀምሮ ባለ 4 ጎማ የኤሌክትሪክ ስኩተር ነው የምትጠቀመው። ሦስት ልጆች ነን፣ ከነቤተሰቦቻችን 11 እንሆናለን። ወንድሜ "በሚቀጥለው ሰመር ሁላችንም አንድ ላይ ክሩዝ እንሂድ" ብሎ ነገሩን አመጣው።

የጉዞ ወኪሉ ሁለት ምርጫ ሰጠን። አንዱ ከፍሎሪዳ ተነስቶ ግራንድ ኬይማንና ኮዙሜል የተባሉ ደሴቶች የሚሄድ ነው፤ ሌላው እዚሁ ከባልቲሞር ይነሳል። ካቢኑን (የመርከቡን መኝታ ክፍል) በተመለከተ "ትንሽም ብትሆን ከተራመደች መደበኛው ይበቃታል፣ ዋጋውም ይቀንሳል" ይለናል። እውነቱን ነው? የሰጠን ቀን ደግሞ ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ነው፤ ፍልሰታ መግባቱ ነው፣ እሷ ደግሞ ፍልሰታን ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ውኃ አትቀምስም።

ከሁሉ የከበደኝ ግን ራሷ ናት። "እኔን ቤት ተዉኝና ሂዱ፣ ያንን ጋሪ ይዤ ሰው መሀል አልገባም" ትላለች። ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ እንኳ ስኩተሩን ከመኪናው ኋላ አስደብቃ በሁለት ሰው ተደግፋ ነው የምትገባው። ምን ትመክሩኛላችሁ?

የአሰብ መንገድ

እህቴ፣ ወኪሉን አትስሚው። እኔ ሰምቼ ያገኘኝን ልንገርሽ።

አባቴ 79 ዓመቱ ነው። እስከ 1983 ዓ.ም. ድረስ ከአሰብ አዲስ አበባ ኤንትሬ የጭነት መኪና ከነተሳቢው ሲያመላልስ የኖረ ሾፌር ነው። አሁን ወገቡ አላራምድ ስላለው ስኩተር ይዟል። የመጀመሪያ ጊዜ ስንሄድ ለኛም "ይራመዳል አይደል? መደበኛው ይበቃዋል" አሉን። የማን ድርጅት እንደሆነ ይቅር። ብቻ ከነሻንጣችን ካቢኑ በር ላይ ስንደርስ በሩ 22 ኢንች፣ የአባዬ ስኩተር ደግሞ 22 ኢንች ተኩል ሆኖ አረፈው። ለግማሽ ኢንች! ኮሪደሩ ላይ እናቁመው ብንል አይሆንም፤ እሳት ቢነሳ ሰው የሚያመልጠው በዚያ ስለሆነ መተላለፊያ ላይ ስኩተር ማቆም ክልክል ነው።

ምን አደረግን መሰለሽ? ሰባት ሌሊት ሙሉ ስኩተሩን ኮሪደር ላይ ፈታን። ወንበሩን ነቅለን፣ ባትሪውን አውጥተን፣ የፊቱን ከኋላው ለያይተን እናስገባለን፤ ጠዋት አውጥተን እንገጥማለን። አባዬ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ያየናል። "እኔ አፋር ዲቼ ኦቶ ላይ፣ በዚያ ሐሩር፣ ካምቢዮ አውርጄ ስገጥም እንደናንተ አልፈጀብኝም" እያለ የመጀመሪያውን ማታ አሳቀን። በሦስተኛው ቀን "ቁርሴን እዚሁ አምጡልኝ" አለ። በአራተኛው ቀን ምሳውንም። የደከመው መስሎን ነበር፤ ኋላ ነው የገባን፣ እኛን ላለማስቸገር ነው። የዚያን ሳምንት ባሕሩን ያየው በቴሌቪዥን ነው ብል ማጋነን አይሆንም፤ የመርከቡን ፊት የሚያሳይ ቻናል አለ፣ እሱን ከፍቶ ይውላል።

ሁለተኛ ጊዜ ግን አውቀን ሄድን። ለአካል ጉዳተኞች የተሠራ ካቢን በሩ ቢያንስ 32 ኢንች ነው፣ ሻወሩ ደፍ የለውም፣ መቀመጫና የእጅ መያዣ አለው፣ መሀሉ ላይ ስኩተር የሚዞርበት 5 ጫማ ያህል ባዶ ቦታ ይተዋል። ግን እዚህም አንድ ወጥመድ አለ። ካርኒቫል የሚባለውን የመርከብ ድርጅት ብትወስጂ እነዚህን ካቢኖች በሦስት ዓይነት ይከፍላቸዋል፤ አንደኛው ዓይነት መያዣ ብቻ ተጨምሮለት በእግራቸው ለሚሄዱ ሰዎች የታሰበ ነው፣ ለስኩተር አይሆንም። ስለዚህ "የአካል ጉዳተኛ ካቢን ነው ወይ?" ብለሽ አትለፊው። በሩ ስንት ኢንች ነው? ሻወሩ ደፍ አለው? ስኩተሩ ውስጥ ገብቶ ዞሮ ይወጣል? ብለሽ ጠይቂ። ከዚያ በፊት ግን ዛሬውኑ ሜትር ይዘሽ የናታችንን ስኩተር ወርዱን ለኪ፤ እጀታውንና የወንበሩን መደገፊያ ጭምር፤ ብዙ ጊዜ ሰፊው እሱ ነው።

ከወኪሉ ይልቅ በቀጥታ የመርከብ ድርጅቱ ጋ ደውይ፤ ሁሉም ይህን ብቻ የሚከታተል ክፍል አላቸው፣ ፎርም ያስሞሉሻል። ካቢኖቹ ጥቂት ናቸው፣ ስምንት ወር ዓመት ቀድሞ የሚይዝ አለ። ለአካል ጉዳተኛ የተሠራ ስለሆነ ብቻ ዋጋ አይጨመርበትም። መርከቦቹ አብዛኞቹ የባሃማስ ወይም የፓናማ ባንዲራ ነው የሚያውለበልቡት፤ ቢሆንም በ2005 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ በአሜሪካ ውኃ ላይ እስካሉ ድረስ የአካል ጉዳተኞች ሕግ እነሱንም ይነካል ብሎ ወስኗል። ስለዚህ ስትጠይቂ አትለማመጪ።

መንገዱን በተመለከተ ግራንድ ኬይማን ይቅርባችሁ። መርከቡ ወደብ አይጠጋም፤ ባሕሩ መሀል ቆሞ ሰውን በትንንሽ ጀልባ ነው የሚያወርደው። ከባድ ስኩተር ጀልባው ላይ አይጭኑልሽም፣ ማዕበል ካለ ሰውየውንም እምቢ ይላሉ። ወደብ እንሥራ ተብሎ በ2025 እ.ኤ.አ. ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶ አይሆንም ስላለ በቅርቡም የሚቀየር አይመስለኝም። ቤሊዝ ሲቲም እንደዚሁ ነው። በቤርሙዳ ዶክያርድ፣ በናሳው፣ በኮኮኬይ (የሮያል ካሪቢያን መርከብ ድርጅት የግል ደሴት) ግን መርከቡ ተጠግቶ ይቆማል፤ ስኩተሩ በመውረጃ ድልድዩ ላይ እየተነዳ ይወርዳል። ድልድዩ ግን ባሕሩ ከፍና ዝቅ ባለ ቁጥር ቁልቁለቱ ስለሚለዋወጥ አንድ ሰው ከኋላ ይያዝ። ኮኮኬይ ላይ አሸዋ የሚረግጥ ባለ ትልቅ ጎማ ወንበር በነፃ ይሰጣሉ፣ ቀድሞ ለደረሰ።

ባልቲሞር ለእናንተ የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። ስኩተሩን መኪና ውስጥ ወርውራችሁ፣ 95ን ይዛችሁ፣ ተርሚናሉ አጠገብ ታቆማላችሁ። አውሮፕላን የለ፣ "ስኩተሩ ተሰበረ" የለ።

ጾሙን በተመለከተ፣ የሐዋርያት ጾም ሐምሌ 5 ይፈታል፣ ፍልሰታ ነሐሴ 1 ይገባል። መሀሉ አራት ሳምንት ገደማ ነው፣ ልጆቹም ዕረፍት ላይ ናቸው። እኛ የያዝነው ያኔ ነበር። ረቡዕና ዓርብን አስተናጋጁን ከመጀመሪያው ማታ ያዙት፤ "አትክልት ብቻ" ካልሽው አይብ ነስንሶ ያመጣዋል፣ ቅቤም እንቁላልም ወተትም እንደማይሆን ንገሩት። የሕንዶቹ ምስር አለ፣ እናቴ "በርበሬ ያነሰው ምስር ወጥ" ብላ በላችው። እንጀራ ግን ቤት የተሠራ ምግብ ስለሆነ አያስገቡም፤ የታሸገ ቆሎ ያልፋል። የናቴን ትንሿን የኤሌክትሪክ ምድጃ ደግሞ በር ላይ ወሰዱባት፤ የሚሞቅ የማብሰያ ዕቃ ክልክል ነው። ጀበናዋ ግን አለፈች፣ ሳምንቱን ሙሉ ጠረጴዛው ላይ ያለ ሥራ ተጎልታ ከረመች።

ቻርጀሩን ማታ ማታ ሰኩት። የመርከቡ ምንጣፍ ወፍራም ስለሆነ ባትሪው ቤት ከለመዳችሁት ቶሎ ነው የሚያልቀው። ሶኬት አንድ ሁለት ብቻ ስለሆነ ማራዘሚያ ያስፈልጋል፣ ከቤት ይዘሽ ብትመጪ ግን ሊወስዱት ይችላሉ፣ እንግዳ መቀበያው ጋ ጠይቂ። ሊፍት ከትርኢት በኋላ አይሞከርም፤ እኛ ሊያልቅ አሥር ደቂቃ ሲቀረው እንወጣ ነበር። በመጀመሪያው ቀን የአደጋ ልምምድ ላይ ደግሞ እናታችን ደረጃ እንደማይወርዱ አስመዝግቡ፣ እሳት ካለ ሊፍት ይቆማል፣ ሰው ተሸክሞ የሚያወርድ ወንበር አላቸው።

አሁን ወደ እማማ ልመለስ። አባዬም "በጋሪ አልታይም" ባይ ነበር። በሁለተኛው ጉዞ የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ቁርስ ቤት በር ላይ ስንደርስ ስኩተር በስኩተር ነው። ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ቅርጫት ያለው፣ ባንዲራ የሰካ። አባዬ ቆም ብሎ አየና "መናኸሪያ ነው እንዴ?" አለ። ከዚያ በኋላ ማን ያቁመው፤ አንዱ ሰውዬ አጣሞ አቁሟል ብሎ ሊያስተካክልለት ተነሳ። ካቢኑ ውስጥ ወደ ኋላ ነድቶ ነበር የሚገባው፣ ተሳቢ እንደሚያስገባ፣ አንገቱን አዙሮ። አንድ ቅሬታ ብቻ ነው ያለው፦ ስኩተሩ መስታወት የለውም።

ከባልቲሞር ስንወጣ ሰው ሁሉ ሙዚቃው ጋ ሲሰበሰብ እሱ ስኩተሩን ወደ ክሬኖቹ አዙሮ ኮንቴይነር ሲጫን ሲያይ ነበር። በ2024 እ.ኤ.አ. መርከብ ገጭቶት የወደቀው የኪይ ድልድይ የነበረበት ጋ ስንደርስ ባርኔጣውን አወለቀ። መንገድ ሲጠግኑ የነበሩ ሠራተኞች ናቸው የሞቱት። "የመንገድ ሰው" አለ፣ ሌላ አልተናገረም።

ቦሌ ቡልቡላ

የአሰብ መንገድ ጥሩ ጽፏል፣ ባልቲሞር ላይ ግን አልስማማም። ግዙፎቹ መርከቦች በቼሳፒክ ቤይ ድልድይ ሥር ስለማያልፉ ባልቲሞር የሚመጡት መካከለኞቹ ናቸው። ሊፍቱም፣ እንዲህ ያለው ካቢንም በዚያው ልክ ያንሳል። 11 ሰው ከነሕፃናቱ ከሆናችሁ ልጆቹ በትልቁ መርከብ ነው የሚደሰቱት። እኛ አክስቴን ይዘን ወደ ፍሎሪዳ በረርን፤ የራሷን ስኩተር ቤት ትተን ካቢን ድረስ የሚያመጣ አከራይ ያዝን፣ ስንደርስ አልጋው አጠገብ ቆሞ ጠበቀን። የራሴን ካልያዝኩ ካለች ደግሞ ባትሪው ምን ዓይነት እንደሆነ ለአየር መንገዱ ቀድማችሁ ንገሩ። የሚነቀል ሊትየም ከሆነ እስከ 300 ዋት አወር ድረስ በእጅ ተይዞ አውሮፕላኑ ውስጥ መንገደኛው ጋ ይገባል።

ሲስተር (አሌክሳንድሪያ)

ነርስ ነኝ፣ በአጭሩ ልበል። እናትሽ ሜዲኬር (የመንግሥት የአረጋውያን የሕክምና መድን) ያላቸው ከሆነ መርከቡ ከአሜሪካ ወደብ ከ6 ሰዓት በላይ ከራቀ አይከፍልም፤ ታሞ በሄሊኮፕተር መመለስ ደግሞ የቤት ዋጋ ነው። እንዲህ ታሞ የመመለስን ወጪ የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስ ግዙ። ኢንሱሊንና መድኃኒቷ እጅ ሻንጣ ውስጥ ይሁን፤ ትልቁን ሻንጣ ከወደቡ ይቀበሏችሁና ካቢን የሚደርሰው ማታ ሊሆን ይችላል። ስኩተር ላይ ቀኑን ሙሉ የተቀመጠ የስኳር ሕመምተኛ እግሩን ማታ ማታ እዩለት፣ በተለይ ጫማ ሳያደርጉ ገንዳ ዳር ከዋሉ።

ዜግነት ያላቸው ከአንድ የአሜሪካ ወደብ ወጥቶ እዚያው ወደብ የሚመለስ ክሩዝ ላይ ያለ ፓስፖርት መሄድ ይችላሉ ይባላል፤ እውነት ነው፣ ግን ከደሴት ላይ ታመው በአውሮፕላን መመለስ ቢመጣ ያኔ ፓስፖርት ግድ ነው። ያዙ።

የእማዬ ልጅ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትናንት ማታ ለካሁት፦ 24 ኢንች! በመደበኛው በር በጭራሽ አትገባም ነበር። ጠዋት በቀጥታ ደወልኩ፤ ከባልቲሞር ሐምሌ አጋማሽ ላይ አንድ ደፍ የሌለው ሻወር ያለው ካቢን ቀርቶ ነበር፣ ወዲያው ያዝኩት። ቦሌ ቡልቡላ፣ ልጆቹ ትልቁን መርከብ ሌላ ዓመት ይሄዱበታል፤ እሷን አውሮፕላን ላይ ማስቸገር ከበደኝ።

ለእማዬ የጻፋችሁትን አነበብኩላት። ስለ መያዣውም ስለ ሊፍቱም ስሰብክ ዝም ብላ ሰማችኝ። ኤንትሬው ጋ ስደርስ ግን "ቆይ፣ መልሰሽ አንብቢው" አለች። ለካ የባቲ ልጅ መሆኗን እንጂ እንዴት አዲስ አበባ እንደገባች ነግራን አታውቅም፤ በ16 ዓመቷ ከአሰብ ጨው ጭኖ በመጣ ኤንትሬ፣ ጋቢና፣ ከአክስቷ ጋር ነው። ሾፌሩ ኮምቦልቻ ላይ ሻይ እንደጋበዛቸው ሁሉ ታስታውሳለች። ከዚያ ምን ብላ ጠየቀችኝ መሰላችሁ፦ "እኒያ ሰውዬ ዘንድሮም ይሄዳሉ?"

የአሰብ መንገድ፣ ጥያቄውን ላንተ አስተላልፌያለሁ።

የአሰብ መንገድ

አነበብኩለት። ጨው የጫነው እሱ እንዳልሆነ ማለልኝ፣ በዚያን ጊዜ ገና ረዳት ነበር። ስለ ሐምሌ ብጠይቀው መልስ አልሰጠኝም። "የሴትየዋ ስኩተር መስታወት አለው?" ብቻ ነው ያለኝ።